ለሁለት ትከሻ

እሁድ ጠዋት ከተኩስ ክበቡ የሚመጣው ድምፅ ሲጀምር ኤቫሪስቶ ኤገል ተነስቶ መስኮቱን ይዘጋል። ሙቀት ቢሆንም ይዘጋዋል። ከዚያ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ማቴውን፣ በቱቦ የሚጠጣውን መራራ የቅጠል ሻይ፣ እየማገ ይቀመጣል። ጉልበቱ ላይ የዘረጋው ጋዜጣ የዛሬ ይሁን የባለፈው ሳምንት ግድ የለውም።

ልጁ ኒዲያ ይህን ስታይ ቆይታለች። አባቷ በአርጀንቲናዋ ሳን ጎታርዶ መንደር ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ በክበቡ ረጅም ሜዳ ላይ በትልቁ ጠመንጃ ይተኩስ ነበር። ቀኝ ትከሻው ተቀዶ ከተሰፋ ወዲህ ግን ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል፤ «ያ ጠመንጃ አንዴ ከረገጠህ እኔ ዳግመኛ አልሰፋም» ብሎታል። ላሞቹን ለጎረቤት ሸጠ፤ ጠመንጃውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈ፤ ራሱንም አብሮ የቆለፈ ይመስላል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ላይ እየመጡ ይጠይቁት ነበር። በር ላይ አቁሞ በአጭሩ ሲመልሳቸው ግን ቀስ በቀስ እግራቸውን ሰበሰቡ።

ኒዲያ አገሯ ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም። የተማረችው ቅድመ አያቶቿ በመርከብ ተሰደው በወጡበት አገር፣ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ነው፤ ትምህርቷም ስታቲስቲክስ ነበር። እዚያ ሳለች «አርጀንቲናዊቷ» ሲሏት ኖሩ። ስትመለስ ደግሞ የሳን ጎታርዶ ዳቦ ጋጋሪ «ስዊሷ መጣች» አለ። የውጭውን ስልክ ቁጥሯን እስካሁን አልዘጋችም። ለምን እንዳልዘጋችው ራሷን ጠይቃ መልስ አላገኘችም። ነገር ሁሉ የሚያጠራጥራት ሴት ናት። አንድ ነገር ግን አላጠራጠራትም፤ አባቷ እዚያ ወንበር ላይ እንዳለ ሌላ የብርድ ወቅት ከመጣበት ከዚያ ወንበር የሚያነሳው የለም።

ስለዚህ ዋሸች።

«አባዬ፣ ተኩስ መማር እፈልጋለሁ» አለችው አንድ ማለዳ፣ ዳቦ እየቆረሰች።

ማቴውን ከአፉ አወረደ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«ጥንቸል ተገደለ ብለሽ እራት አልበላም ያልሽው አንቺ?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ። ደግሞ ወረቀት ላይ ነው የምተኩሰው፤ ወረቀት ደም የለው።»

«በምን ልትተኩሺ ነው? የኔን እንዳትነኪ። እሱ በቅሎ ነው፤ ጥሎሽ ይሄዳል።»

«በሃያ ሁለት ነዋ።»

ሃያ ሁለት የሚሏት ትንሿ ጥይት ናት። ከእርሳስ ትቀጥናለች፤ የምትተኮሰውም ጠመንጃው ከኋላ ጠርዟን ሲመታት ነው። ድምፅዋ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ትከሻ አትረግጥም። ዋጋዋም እንዲሁ ለልምምድ የተፈጠረች ያስመስላታል። ትልቁ ጠመንጃ በአንድ እሁድ የሚበላውን ገንዘብ ሃያ ሁለት ወሩን ሙሉ ትጫወትበታለች።

አባቷ ደህናውን ትከሻውን ነቀነቀ። «ሃያ ሁለት የዶሮ ቤት ነው» አለ።

ዶሮ ቤት የሚሉት የክበቡን አጭር ሜዳ ነው። በድሮ ጊዜ የክበቡ ዘበኛ ዶሮ ያረባበት ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። የመንደሩ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ተኩስ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወደ ረጅሙ ሜዳ ያልፋል። አንዴ ካለፈ ደግሞ አይመለስም። ሽበት ያወጣ ሰው ሃያ ሁለት ይዞ ዶሮ ቤት ከታየ ቀብሩ ላይ ሳይቀር ይቀለድበታል።

«እኔ ጀማሪ ነኝ፤ ዶሮ ቤት ይበቃኛል» አለች ኒዲያ። «ችግሩ የመሣሪያ ፈቃዱ ባንተ ስም መሆኑ ነው። አንተ ራስህ ሱቁ ድረስ ካልመጣህ አይሸጡልኝም።»

ካለችው ሁሉ እውነቱ ይሄ ብቻ ነበር። ሕግ አውጪዎችን አመስግና የማታውቅ ሴት በዚያ ማለዳ በልቧ አመሰገነቻቸው።

አባቷ ማቴውን ሞልቶ ሰጣት፤ ጠጥታ መለሰችለት።

«እኔ ምን አደርጋለሁ እዚያ?» አለ።

«ከኋላዬ ትቀመጣለህ። በሩቅ መነጽር እያየህ የት እንደመታሁ ትነግረኛለህ። ጠመንጃ ንካ የሚልህ የለም።»

«መቀመጥ ከሆነ» አለ፣ «እዚህም ተቀምጫለሁ።» ከዚያ ኮፍያው የት እንዳለ ጠየቃት።

የኦዲላ ሱቅ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ዶኛ ኦዲላ፣ ወይዘሮ ኦዲላ ማለት ነው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሱቁን ብቻቸውን ይዘውታል። የዓሣ መንጠቆ፣ የላም ደወልና የብስክሌት ጎማ ይሸጣሉ፤ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ ጠመንጃ። ኤቫሪስቶን በር ላይ ሲያዩት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት።

«እኔ እኮ ሞተህ ሳይነግሩኝ ቀርተው ነው ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር» አሉ።

«ስሞት አንቺን ሳልሰናበት?»

«ምን ላድርግልህ?»

«ለኔ አይደለም። ለልጄ ነው።»

ዶኛ ኦዲላ ኒዲያን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት። «ስዊሷ! አንቺ ደግሞ ማንን ልትገድይ ነው?»

«ወረቀት» አለች ኒዲያ።

ሦስት ጠመንጃዎች አውጥተው በባንኮኒው ላይ በጨርቅ አስተኙ። ኒዲያ ሌሊቱን ስለ ጠመንጃ ስታነብ ነው ያደረችው። ሁሉም የሚጽፈው የራሱን ጠመንጃ እያወደሰ ስለሆነ፣ ባነበበች ቁጥር እርግጠኝነቷ ሲቀንስ ነበር። እዚህ ቆማ ስታያቸው ግን የምትመርጠው ለራሷ እንዳልሆነ ማሰቡ ነገሩን አቀለለላት። የምታየው የአባቷን ትከሻ ነው።

የመጀመሪያው ራሱ እያቀባበለ የሚተኩስ ነበር፤ ቃታውን በሳብክ ቁጥር ይተኩሳል።

«ይሄ ጥይት ጠጪ ነው» አሉ ዶኛ ኦዲላ። «ማቴሽ ሳይቀዘቅዝ ፓኬቱን ያራግፈዋል። ደግሞ የሃያ ሁለት ጥይት ሰም የተቀባች ናት፤ ጥላሸቷም ብዙ ነው። በየሳምንቱ ካልጠረግሽው ይታነቃል። ለጎረምሳ ደስ ይላል።»

«ተኩስ አይማርም በሱ» አለ አባቷ። «ጣት ነው የሚማረው።»

ሁለተኛው አፈሙዙ ወፍራም፣ አጉሊ መነጽር የተገጠመለት፣ መልኩ የሚያምር ነበር። ኒዲያ አነሳችው። ክብደቱን ስትለካ አባቷ ያን የታመመ ክንዱን ወደላይ ለመያዝ ሲታገል ታያት።

«ከበደኝ» አለች።

አባቷ ገረመው። «ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን የብላስን ጥጃ ከጉድጓድ ያወጣሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ጥጃ ላይ አላነጣጠርኩም።»

ዶኛ ኦዲላ ሳቃቸውን በጨርቁ ሸፈኑ።

ሦስተኛው አሮጌ ነበር፤ ከሌላ ሰው እጅ የተገዛ። ሰደፉ የዋልነት ዛፍ እንጨት ሆኖ ጠቁሯል። በየተኩሱ በእጅ ይቀባበላል። አጉሊ መነጽር የለውም፤ ከኋላ በኩል በትንሽ ቀዳዳ አሾልኮ የሚያይ ማነጣጠሪያ አለው። አባቷ ሳይጠየቅ እጁን ዘረጋ። የመቀባበያውን እጀታ ከፍቶ ጥይት አለመኖሩን አየ፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። ሦስተኛ ጊዜ የከፈተው ግን ለማየት አልነበረም፤ ድምፁን ለመስማት ነበር። ኒዲያ ፊቱን አየች። ከስንት ወር ወዲህ ያላየችው ነገር በጉንጩ ላይ አለፈ።

«ይሄ» አለች።

«ቆይ እንጂ፣ ያዢው መጀመሪያ» አለ አባቷ።

ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፤ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አነጣጥራ ቃታውን ልትስብ ጣቷን አስገባች።

«አትሳቢ!» ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጮኹ።

«ባዶ እኮ ነው! አሁን አይተነዋል!»

«ባዶ ስለሆነ ነዋ» አለ አባቷ። «ትልቁ ጠመንጃ ባዶውን ቢመታ ግድ የለውም። ይሄ ግን ጠርዝ ነው የሚመታው። ጥይት ከሌለ የሚያገኘው የራሱን ብረት ነው።»

ዶኛ ኦዲላ ከመሳቢያ የተተኮሰች ቀለህ አውጥተው ጠመንጃውን አጎረሱት። «አሁን ሳቢ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ለሙሽራ አማቹ ሲያሳይ እንዲሁ በባዶው ሃያ ጊዜ ሳበው። ከዚያ ወዲያ ያ ጠመንጃ ቀለህ ተጣብቆበት በመርፌ ካልሆነ አልወጣለትም። ሰርጉ ግን ሆነ።»

አባቷ ሳቀ። ሱቁን የሚሞላ ሳቅ አልነበረም፤ ትንሽ፣ ባፍንጫ የወጣ ሳቅ። ኒዲያ ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞራ ቀለሁ ላይ ቃታውን ሳበች፣ ፊቷን እንዳያይ።

«ጥይቱስ? የትኛውን ይወዳል?» ብላ ጠየቀች።

«ለኔ አልነገረኝም» አሉ ዶኛ ኦዲላ። «ሃያ ሁለት እንደ ሰው አፍ ነው። አንዱ የሚወደውን ሌላው ይተፋዋል። ውዱን ገዝተሽ ሊበትንብሽ ይችላል፣ ርካሹን ገዝተሽ አንድ ቀዳዳ ሊያስገባልሽ ይችላል። መሞከር ነው።»

መሞከር የሚለው ቃል ለኒዲያ በጣም ተመቻት። ከየዓይነቱ አንዳንድ ፓኬት አነሳች።

የቀረው ሰደፉን መለካት ነበር። እዚያ አገር ጠመንጃ እንደ ሱሪ ነው፤ ሳይለካ አይወሰድም። የሰደፉ ጀርባ ክርን መታጠፊያ ውስጥ ይገባል፤ ጣት ቃታው ጋ በደንብ ከደረሰ ልክ ነው። ኒዲያ እንደ እናቷ ረጅም ናት፤ ክንዷም ረጅም ነው። ለእሷ ልክ ነበር።

«ስፌት አያስፈልገውም» አለ አባቷ ደስ ብሎት፤ ከዚያ መኪናውን ጥላ ስር ላቁም ብሎ ወጣ።

ኒዲያ በባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለች። «ዶኛ ኦዲላ፣ ይቁረጡልኝ» አለች በሹክሹክታ። «በአባቴ ልክ። ክንዱ እንደ ድሮው አይዘረጋለትም። እሱ አያውቅም፤ አይንገሩት እባክዎ።»

«ለሱ ነው እንዴ?»

«ለሱ ነው። እኔ ተኩስ ምን ያደርግልኛል?»

ዶኛ ኦዲላ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አፍንጫቸው ላይ አደረጉት፤ ሰደፉን አገላብጠው አዩት። አባቷ ተመልሶ ሲገባ ኒዲያ የተገዙትን ጥይቶች ይዛ ወደ መኪናው ሄደች። በመስታወቱ ሲታያት አባቷ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እያወራ ነበር። ኮፍያውን ረስቶ ነው የተመለሰው ብላ አሰበች።

ጠመንጃው እስኪዘጋጅ ድረስ አባቷ በመጥረጊያ እንጨት አስተማራት። ወጥ ቤት ውስጥ አቁሟት ከኋላዋ ይዞራል።

«ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪ። ግማሹን! ሁሉንም ካወጣሽማ ትወድቂያለሽ።»

«አባዬ፣ ይሄ መጥረጊያ ነው።»

«ቃታውን አትጎትቺ። ጨመቅ፣ ጨመቅ፣ እንደ ላም ጡት። መቼ እንደሚወጣ ራስሽም ማወቅ የለብሽም።»

«ላምህን ካለብኩ ስንት ዓመቴ።»

«ይታያል።»

በእነዚያ ቀናት እራቱን ሁሉ በላ። የሩቅ መነጽሩን ከሳጥን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ኒዲያ ይህን ባየች ቁጥር ደስታዋ ከሃፍረት ጋር ይቀላቀልባታል። ሰውን ለራሱ ጥቅም ማታለል መልካም ነገር ነው ወይስ ማታለል ብቻ? እሁድ ሲደርስ ጠመንጃውን እንዴት ብላ እጁ ላይ ታስቀምጠዋለች? ብትለምነው እንደሚቆጣ ታውቃለች። ተቆጥቶ ተመልሶ ወደ ወንበሩ ቢገባስ?

አርብ ዕለት ስልኳ ጮኸ። ከባዝል ነበር። አጠር አድርጋ አውርታ ዘጋችው።

«ማነው?» አለ አባቷ።

«የድሮ መምህሬ። ሥራ አለ ይላል። ከፈለግሽ ይላል።»

«ጥሩ ነው» አለ። መጥረጊያውን ከእጇ ወስዶ ጥግ ላይ አቆመው። «ለዛሬ ይብቃን።»

ቅዳሜ ጠመንጃውን ሲያመጡ ዶኛ ኦዲላ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧቸው። ኒዲያ ቤት ስትፈታው ልቧ ወረደ፤ ሰደፉ ርዝመቱ እንደነበረ ነው። በአባቷ ፊት ስለሆነች አፏን ያዘች። አባቷ ግን ልክ ልጅ ሲመረቅ እንዳየ አባት ፊቱ በራ። በጨርቁ ውስጥ አንድ መፍቻ ተጠቅልሎ አገኘች፤ ከመፍቻው ጋር ዶኛ ኦዲላ በር ላይ «ያስፈልግሻል፤ እንዳትረሺው» ማለታቸው ትዝ አላት። ማነጣጠሪያውን ለማስተካከል ይሆናል ብላ ኪሷ ከተተችው።

እሁድ መጣ። አባቷ መስኮቱን አልዘጋም።

የክበቡ ግቢ ውስጥ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ አለ፤ ሰዎች በዛፎቹ ስር ሊሶ የሚሉትን የብርጭቆ ቢራቸውን ይዘው ቆመዋል። አባቷ ወደ እነሱ ሳይመለከት በአጥሩ ዳር ዳር ይዟት ወደ ዶሮ ቤት ሄደ። አላመለጠም። የዶሮ ቤቱን ሥርዓት የሚያስከብረው ፖሎ ፔረን ነበር። በረጅሙ ሜዳ ከአባቷ ጎን ቆሞ ዕድሜውን የተኮሰ፣ አሁን ቀይ ባንዲራ ይዞ ጀማሪዎችን የሚጠብቅ ቀጭን ሽማግሌ ነው።

«ኤቫሪስቶ!» ብሎ ጮኸ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ዶሮ ልትሰርቅ መጣህ?»

«አንተ ካለህ ዶሮ የታለ? በልተህ ጨርሰሃቸዋል።»

«ጥርስ ሲኖረኝ ነው እሱ። ነይ ስዊሷ፣ እዚህ ተቀመጪ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው፤ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው። እኔ ባንዲራ ሳነሳ ማንም ጣቱን ቃታ ላይ አያደርግም። ባንዲራውን ሳወርድ ማንም ስለ ፖለቲካ አያወራም።»

በቆሎ የተሞላ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አድርገው ጠመንጃውን አስደገፉበት። አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ ዓይኑን መነጽሩ ላይ ጣለ። ኒዲያ ከእያንዳንዱ ፓኬት ጥቂት ጥቂት ጥይት ተኮሰች። ትንሿ ጥይት ጠሽ ትላለች፤ ወረቀቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ቀኝ... ቀኝ... ይሄኛው ከቀዬው ወጥቷል። ይሄን ውድ ጥይት ለማን ነው ያዘዝሽው? ግድግዳ ለመንቀስ?»

«ቀጣዩን ልሞክር።»

«ወደ ግራ... ከጎኑ... ከጎኑ። ቆይ! ተደራረቡ!» አባቷ መነጽሩን ለቆ በዓይኑ አየ፤ ተመልሶ በመነጽሩ አየ። «ተደራረቡ፣ ልጄ! ፖሎ፣ ና እይ!»

ፖሎ መጥቶ አየ። «የትኛው ነው?»

«ርካሹ» አለ አባቷ በኩራት፣ ራሱ የሠራው ይመስል።

«ይደገም» አለች ኒዲያ። «አንዴ ዕድል ሊሆን ይችላል።»

ደገመችው፤ ዕድል አልነበረም። ሰዎች ሊሷቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተደገፉ። አንዱ «ኤቫሪስቶ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለ፤ ሌላው ሥጋ በዳቦ አድርጎ በአጥሩ አሻገረለት። አባቷ ተቀብሎ በላ፤ አፉ ሞልቶ ሳለም «ግራ» ይላል። ኒዲያ እሱ ባይተኩስም ይሄ ይበቃኛል ብላ ልትነሳ ስትል ፖሎ ባንዲራውን አነሳ።

«ተለዋወጡ!»

«ምን?» አለች ኒዲያ።

«ተለዋወጡ። የተኮሰ መነጽር ይይዛል፣ መነጽር የያዘ ይተኩሳል። የዶሮ ቤት ሕግ ነው። አንድ ጠመንጃ፣ ሁለት ሰው። ቅድመ አያቶቻችን በሁለት ቤት አንድ ጠመንጃ ሲኖራቸው የወጣ ሕግ ነው። እኔ አልቀይረውም፤ አንተም ኤቫሪስቶ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ንፍጥህን እየጠረግህ የተማርከው ነው።»

አባቷ ፊቱ ቀላ። ረስቶት ነበር። ረጅሙ ሜዳ ላይ ሰው ብቻውን ነው የሚተኩሰው፤ ዶሮ ቤት ደግሞ ከልጅነቱ ወዲህ አልረገጠም። ኒዲያ ደግሞ ይህን ሕግ ከነጭራሹ አታውቅም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጠመንጃውን እንዴት እጁ ላይ ላስቀምጥ እያለች ስትጨነቅ የከረመችው በከንቱ ነበር።

«ልጅቷ ናት የምትማረው» አለ አባቷ። «እኔ ትከሻዬ...»

«አይራገጥም» አለች ኒዲያ ቀስ ብላ። «እኔ ተኩሼዋለሁ። የሕፃን እጅ ነው የሚነካህ የሚመስለው።»

«ሰው እያየ ነው» አለ፣ ለእሷ ብቻ።

«እኔንም እያዩኝ ነበር።»

ፖሎ ባንዲራውን ጭንቅላቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ያ ሰው ቀልድ መቼ እንደሚተው ያውቃል። አባቷ ቀስ ብሎ ወንበሩን ቀየረ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ። ክንዱ ቃታው ጋ ለመድረስ ተወጠረ፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ አንገቱን ቢያስረዝምም ዓይኑ ቀዳዳው ጋ አልደረሰም። አወረደው።

«አየሽ» አለ። «ረጅም ነው። ላንቺ ነው እንጂ ለኔ አይሆንም።»

ኒዲያ ሰደፉን አየች። ጀርባው ላይ ሁለት አዳዲስ የናስ ብሎኖች አሉ። ጠጋ ብላ ስታይ ጥቁሩ እንጨት ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደች፣ ከፀጉር የቀጠነች መስመር አለች፤ የእንጨቱ ጅማት ግን ሳይዛነፍ መስመሯን አልፎ ይሄዳል፤ ያው እንጨት ተቆርጦ መልሶ ተገጥሟል። እጇ በራሱ ኪሷ ገባ። መፍቻው ብሎኖቹን እንደ ቁልፍ ገጠማቸው። ፈታቻቸው፤ የሰደፉ ጫፍ እንደ ዳቦ ቁራጭ እጇ ላይ ቀረ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ አባቷ።

«ዶኛ ኦዲላ ናቸዋ። እንዲቆርጡት ነግሬያቸው ነበር። ባንተ ልክ።»

«በኔ ልክ? እኔ እኮ እንዳትነካው ነው የነገርኳት! ላንቺ ልክ ነው፣ አንድ ፀጉር እንዳትነሺለት ብያት ነው የወጣሁት!»

ተያዩ። ፖሎ ከላይ ሆኖ «እኔ ደግሞ ባንዲራው ከበደኝ» አለ፣ ግን አላወረደውም።

«ተኩስ መማር እፈልጋለሁ ብለሽኝ አልነበረ?»

«ከቤት እንድትወጣ ነበር የፈለግሁት፣ አባዬ። ዋሽቼሃለሁ።»

አባቷ የጠመንጃውን አጭር ሰደፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀና ሳይል ተናገረ።

«እኔም ሱቅ የሄድኩት ጠመንጃ ልገዛ አይደለም። እዚህ የራስሽ የሆነ ነገር ይኑርሽ ብዬ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ብትሄጂም፣ አለ ብለሽ የምትመጪበት።»

ኒዲያ እንጨቷን በመዳፏ ጨመቀቻት። ከባዝል የመጣው ስልክ፣ ያልተዘጋው ቁጥር፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁሉም አሁንም እዚያው ናቸው። አልጠፉም። ግን ይህ ሰው ልጁን ለማስቀረት ከወንበሩ ተነስቶ ኮፍያውን ፈልጓል። እሷ እሱን ያስነሳችው መስሏት ነበር።

«ልተኩስ ወይስ አልተኩስ?» አለ አባቷ።

«ተኩስ።»

ፖሎ ባንዲራውን አወረደ።

ጠመንጃው ትከሻው ላይ ገብቶ ተቀመጠ። ክንዱ ሳይጨነቅ ታጠፈ። አቀባበለ፤ ያ የሱቁ ድምፅ ተሰማ። ኒዲያ መነጽሩን ይዛ ትንፋሹን ሰማችው፤ ግማሹ ሲወጣ፣ ግማሹ ሲቀር። ጠሽ አለች።

«ታች» አለች። «በጣም ታች። መሬት ልትቆፍር ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ጥሪ።»

«ታች... ታች... ትንሽ ከፍ አለ... ቀለበቱ ውስጥ ነው።» ከዚያ መነጽሩ ደበዘዘባት። በሸሚዟ ጫፍ ወለወለችውና እንደገና አየች። «ቀለበቱ ውስጥ። አባዬ፣ ቀለበቱ ውስጥ ነው።»

አጥሩ ላይ የተደገፈ አንድ ሰው ዶሮ እየመሰለ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቀ። አባቷ ዞሮ እጁን አነሳላቸው፤ ቀኝ እጁን ነበር ያነሳው። ጥይቱን ጨርሶ ሲነሳ ጠመንጃውን ከፍቶ አየ፤ ከዚያ ትከሻውን በእጁ ዳሰሰው፣ የጠፋ ዕቃ እንዳለ የሚፈትሽ ሰው ይመስል።

«ምንም አላለኝም» አለ። «ምንም!»

ፖሎ ሁለት ሊሶ ይዞ መጣ። ለኒዲያ አንዱን ሰጣት፣ ሌላውን ለራሱ ጠጣው። «አንተ ሂድና ራስህ አምጣ» አለው አባቷን። «እዚያ የሚጠብቁህ ሰዎች አሉ።» አባቷም ሄደ። ወደ ዛፎቹ ሲደርስ ሰዎቹ ቦታ ከፈቱለት፤ ኮፍያው ከመካከላቸው ወዲያና ወዲህ ሲል ከሩቅ ይታያት ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ቆሙ። እሁድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው፤ ዶኛ ኦዲላ ግን የሚኖሩት እዚያው ነው። አባቷ ከክበቡ በወረቀት የጠቀለለውን ጥብስ በመስኮቱ አንኳኩቶ ለዶኛ ኦዲላ አቀበላቸው።

«ምንድነው?» አሉ፣ የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ።

«ምሳ ነው። አጭበርባሪ ነሽ።»

«ሁለታችሁም ስታዙኝ ማንን ልስማ? ያላችሁት አንድ ጠመንጃ፣ አንድ እንጨት። ገጠም ፈታ አድርጓት።» ጥቅሉን ከፈት አድርገው አሸተቱ። «ሰናፍጩን ረስተሃል።»

«አመሰግናለሁ ኦዲላ» አለ አባቷ።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። ይህን ከሱ አፍ ሰምተው እንደማያውቁ ያስታውቃል። «ሂዱ በሉ፣ ይቀዘቅዝብኛል» ብለው መስኮቱን ዘጉ።

መኪናው ውስጥ ኒዲያ እንጨቷን ጉልበቷ ላይ እያገላበጠች ተቀምጣለች። አባቷ መንገዱን እያየ ይነዳል፤ በክፍቱ መስኮት የክበቡ የመጨረሻ ተኩሶች ይሰማሉ።

«ርካሿ ናት ጥይቷ» አለ። «ተረጋገጠ።»

«ኧረ ምኑ ተረጋገጠ!» አለች ኒዲያ። «አየሩ ሞቃት ነበር፤ ነፋስ አልነበረም። ደግሞ በረጅሙ ሰደፍና ባጭሩ ሰደፍ ልዩነት ይኖረው ይሆናል። አንድ እሁድ ምንም አያረጋግጥም።»

አባቷ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ስንት እሁድ ይበቃል?»

ኒዲያ አሰበች። ስለ ነገሩ በእውነት ነው ያሰበችው፤ ሙያዋ ነው።

«ብዙ» አለች። «በነፋስም፣ በብርድም መሞከር አለበት።»

«ብርዱ ገና ሩቅ ነው» አለ አባቷ።

«አውቃለሁ።»

 ቤት ሲደርሱ አባቷ መፍቻውን ከእሷ ተቀብሎ፣ ማቴ እንኳ ሳይጠጣ፣ እንጨቷን ወደ ሰደፉ መልሶ በሁለቱ ብሎኖች አሰራት፤ በሚቀጥለው እሁድ ቀድማ የምትተኩሰው እሷ ስለሆነች።